አዲስ ገቢን ማዋከብና የዝምታ ልማድ፦ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ለሚነሡ ተማሪዎች

አዲስ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነባሮች የሚያደርሱበት ማስፈራራትና ማዋረድ አብዛኛውን ጊዜ «ቀልድ» ወይም «ማላመድ» ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አጠራር መተቸትና አቤቱታ የሚሄድበትን መንገድ መመርመር ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከስሙ እንጀምር። በደል «ቀልድ» እስከተባለ ድረስ ጥፋተኛ የሚሆነው ቀልድ አላውቅ ያለው ተበዳይ ነው። ስለዚህ ድርጊቱን «አዲስ ገቢን ማዋከብ» እንለዋለን፤ ይኸውም በነባርነት ወይም በቡድን ኃይል አዲስ መጪውን ማስገደድ፣ ማዋረድ ወይም ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ተበዳዩ «እሺ» ማለቱ የድርጊቱን ጠባይ አይለውጠውም።

ጉዳዩ የዩኒቨርሲቲዎች ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሆኖም የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በቀጥታ ይመለከታል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለአዲስ አበባ የቀረቡ ቢሆኑም፣ ከእነርሱ የሚወጣው ተማሪ የሚመደበው ከቤተሰቡ እጅግ ርቆ ሊሆን ይችላል። ከዚያው ዓመት ወዲህ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ስለጀመረ፣ ተማሪው የጋራ ማደሪያን የሚያውቀው ገና በመምህሩ እጅ ሳለ ነው። ስለ መብቱና ስለ አቤቱታ መንገድ ሊነገረው የሚገባውም በዚህ ጊዜ ነው።

ሕጉን እንመልከት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንኛውም ሰው ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ እንዲጠበቅ ይደነግጋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም የአካል ጉዳትን፣ ዛቻንና ስድብን ይቀጣል፤ ማዋከብን ግን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ አልሰየመም። በአንቀጽ 443 ወንጀልን አለማስታወቅ የሚያስቀጣው ወንጀሉ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ወይም ያየው ሰው በሕግ ወይም በሙያው ደንብ የማስታወቅ ግዴታ ሲኖርበት ነው። እንግዲህ ጓደኛው ሲዋረድ ያየ ተማሪ ዝም ቢል ሕግ ብዙውን ጊዜ አይጠይቀውም። ይህን ክፍተት መሙላት የሚገባው የተቋሙ የውስጥ ደንብ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድም ያስተምራል። በሕንድ አንድ የሕክምና ተማሪ በነባሮች ድብደባ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ደንብ ተማሪውና ወላጁ የቃል መግቢያ ሰነድ እንዲፈርሙ አስገደደ፤ በዚያው ዓመት ሌትና ቀን የሚሠራ ነጻ የስልክ መስመርም ተከፈተ። ከሁለቱ እርምጃዎች ዋጋ ያለው ሁለተኛው ይመስለናል። ፊርማ ኃላፊነትን ወደ ተማሪው ሲያሻግር፣ ስልኩ ግን የተበደለውን ድምፅ ከማደሪያው ውጭ ያወጣል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የጸደቀው ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች የተፈጸሙትን ማዋከቦች ቆጥረው ለሕዝብ እንዲያሳውቁ አዝዟል። የማይቆጠር በደል የማይታቀድለት መሆኑን የዕቅድ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል።

ዋናው ችግር ያለው በአቤቱታው መንገድ ላይ ነው። አቤቱታ ለማደሪያው ፕሮክተር ብቻ የሚቀርብ ከሆነ፣ ተበዳዩ ማታ የሚመለሰው ከከሰሰው ሰው አጠገብ ወዳለው አልጋ ነው። በጽሑፍ ብቻ የሚቀበል ሣጥንም ሁሉን አያገለግልም። በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምሮ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት ያዋከበውን ሰው ፊት መለየት አይችልም፤ ተራውን ቅጽም ያለ ሌላ ሰው እርዳታ አይሞላም። በአፋን ኦሮሞ የተማረው የቡራዩ ወይም የሱሉልታ ልጅም የደረሰበትን ውርደት በሌላ ቋንቋ እንዲያስረዳ ሲገደድ ዝምታን ሊመርጥ ይችላል።

ነባርነት በባህላችን የተከበረ ነው ተብሎ ይሞገት ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የገፋው ደቀ መዝሙር የሚከበረው ጀማሪውን በማስቀጸሉ ነው። በገዳ ሥርዓትም ሥልጣን በስምንት ዓመት የተገደበና በሕግ የታጠረ ነው። ግዴታ የሌለበት ነባርነት ከሁለቱም የተወረሰ አይደለም። ዛሬም ሻንጣ ተሸክመው አዲስ ገቢዎችን የሚቀበሉ ነባር ተማሪዎች መኖራቸው ይህን ያረጋግጣል።

ከዚህ በመነሣት አራት ነጥቦች ለውይይት ይቀርባሉ። አንደኛ፣ የየተቋሙ ደንብ ማዋከብን በስሙ ጠርቶ ይከልክል። ሁለተኛ፣ አቤቱታ ከማደሪያው አስተዳደር ውጭ ላለ ክፍል፣ በቃልም ሆነ በጽሑፍ፣ ተማሪው በሚችለው ቋንቋ ይቅረብ። ሦስተኛ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ከማደሪያው የሚዛወረው ተከሳሹ እንጂ ከሳሹ አይሁን፤ ምስክርም ከበቀል ይጠበቅ። አራተኛ፣ የሦስቱ ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከፈተናው በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይመድቡ። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ በጀት ሳይሆን፣ መምህሩ «ቢያዋክቡህ ማፈር ያለባቸው እነርሱ ናቸው፤ የምትነግረውም ሰው ይህ ነው» ብሎ በግልጽ መናገሩ ነው።