አሁን የማንን ሥራ እየሠራሁ ነው?

የግብር ወቅት ሲደርስ የአንድ የሒሳብ ባለሙያ ላፕቶፕ የብዙ ሰው ጉዳይ ይሸከማል። የአንዱ ደንበኛ የኢ-ታክስ ገጽ ተከፍቷል፤ ከጎኑ የሌላው ደንበኛ ኢሜይል አለ፤ ቀጥሎ የባንክ ገጽ፣ ከዚያ የልጅ ትምህርት ቤት የላከው ቅጽ፣ ከዚያ የእድሩ የመዋጮ ሰንጠረዥ። ታቦቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ስማቸው አይነበብም። የመግቢያው ሳጥን ላይ ጠቅ ሲደረግ ብሮውዘሩ ቀድሞ ያስቀመጠውን ስም ይሞላል፤ የሞላው ስም የየትኛው ደንበኛ እንደሆነ ሥራ ላይ ያመሸ ዓይን ሳያስተውለው ሊያልፍ ይችላል። የአንዱ ነጋዴ የሽያጭ ቁጥር በሌላው ስም የሚገባው እንዲህ ነው።

ሥራዬ ለትንንሽ ቢሮዎችና ለቤተሰቦች ኮምፒውተር ማዘጋጀት ነው። ዊንዶውስ ጭኜ፣ ፕሪንተር አገናኝቼ፣ የአማርኛ መጻፊያ አስገብቼ ስጨርስ ሰዎች ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። እኔ ከሁሉ የምጠነቀቅለት ክፍል የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ብሮውዘሩን በፕሮፋይል መከፋፈል። የማሽኑን ባለቤት አጠገቤ አስቀምጬ "በዚህ ኮምፒውተር በስንት ኃላፊነት ነው የሚሠሩት?" ብዬ እጠይቃለሁ። ጥያቄው መጀመሪያ ግር ያሰኛቸዋል። ትንሽ ቆይተው መቁጠር ይጀምራሉ፦ የመሥሪያ ቤት ተቀጣሪ፣ ማታ ማታ የራሱን ንግድ የሚያንቀሳቅስ፣ የእድር ጸሐፊ፣ የልጆች አባት፣ ባሕር ማዶ ላለች እህቱ ቤት አከራይቶ ሒሳቡን የሚይዝ ወንድም። አንድ ሰው ነው፤ የሚጠይቁት ግን ብዙ ናቸው።

ጉዳዩ ለምን እንደሚደባለቅ ለመረዳት ድረ ገጽ ሰውን እንዴት እንደሚያስታውስ ማወቅ ይረዳል። ድረ ገጽ በአሠራሩ ረሺ ነው፤ አንድ ገጽ ልኮላችሁ ሲያበቃ ቀጣዩን የምትጠይቁት እናንተው ስለመሆናችሁ የሚያውቀው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ኔትስኬፕ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ለዚህ መላ ኩኪን ፈጠረ። ሻንጣ ተቀብሎ ቁጥር የሚሰጥ ዕቃ ጠባቂ ሲመለሱ የሚያየው ቁጥሩን ነው፤ ኩኪም እንደዚያ ነው። ስትገቡ ጣቢያው ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ብሮውዘሩ ወደዚያ ጣቢያ በሄደ ቁጥር ሳይጠየቅ ያሳያል። ቁጥሩን የያዘ እንደ ባለቤቱ ይቆጠራል። የሁሉም ኃላፊነታችሁ ቁጥር በአንድ ቦታ ከተከማቸ ብሮውዘሩ የትኛውን መቼ ማውጣት እንዳለበት ሊያውቅ አይችልም።

ፕሮፋይል ማለት እንግዲህ ለየብቻው የተቀመጠ ፎልደር ነው። ክሮም የመጀመሪያውን "ዲፎልት"፣ ከዚያ በኋላ የሚፈጠሩትን "ፕሮፋይል 1"፣ "ፕሮፋይል 2" እያለ ዲስኩ ላይ ያስቀምጣቸዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ የራሱ ኩኪ፣ የራሱ ሂስትሪ፣ የራሱ ቡክማርክ፣ የራሱ የተቀመጠ የይለፍ ቃል፣ የራሱ ኤክስቴንሽን አለ። ስለዚህ አንዱን ጣቢያ በሁለት መስኮት ከፍታችሁ በአንዱ እንደ ራሳችሁ፣ በሌላው እንደ እድሩ ጸሐፊ ገብታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ክሮም ይህን ለብዙኃን ተጠቃሚ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ነው። ፋየርፎክስ የፕሮፋይል ማስተዳደሪያ ከድሮም ነበረው፤ በ2017 ደግሞ በአንድ መስኮት ውስጥ ታቦችን የሚለያይ ኮንቴይነር የተባለ መላ አመጣ። የአፕሉ ሳፋሪ በ2023 ተከተለ። ሁሉም በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ ማዘጋጀቱም ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል።

ብዙ ሰው "እኔ ሁለቱንም ጂሜይል አንድ ላይ አስገብቻቸዋለሁ፣ ይበቃኛል" ይለኛል። አይበቃም። ጉግል ላይ ብዙ አካውንት አንድ ላይ ሲከፈት መጀመሪያ የገባው ዋናው ሆኖ ይቆጠራል። ከሥራ የተላከ ሰነድ ስትከፍቱ "ፈቃድ የለዎትም" የሚለው ብዙ ጊዜ ሰነዱ በግል አካውንታችሁ ስለተከፈተ ነው። ሰውየው ፈቃድ ይጠይቃል፣ ጥያቄው በግል ስሙ ለአለቃው ይደርሳል፣ አለቃው ይፈቅዳል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ በግል አካውንት ላይም ተከፍቶ ይቀራል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ መስመሩ ግን ጠፍቷል።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ፤ መስመሩ የት ይሰመር? ይህን የሚሞክሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ በጉዳይ ዓይነት ይከፍላሉ፦ አንዱ ለዜና፣ አንዱ ለሙዚቃ፣ አንዱ ለግዢ፣ አንዱ ለጥናት። እንዲህ ያለው አከፋፈል ሲቆይ አላየሁም። ዜና እያነበቡ መጽሐፍ ሊገዙ ይፈልጋሉ፣ መስኮት መቀየሩ ይሰለቻል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ አንዱ ይመለሳል። እኔ የምከፍለው በተጠያቂነት ነው። እዚህ ላይ ስህተት ብሠራ የሚጎዳው ማን ነው? ይቅርታ የምጠይቀው ማንን ነው? መልሱ የተለየ ሰው ወይም ድርጅት ከሆነ ፕሮፋይሉም ይለያል። መልሱ ያው ከሆነ አንድ ላይ ይቆይ። ዜናውም ሙዚቃውም ግዢውም የራሳችሁ ነው፤ አንድ የግል ፕሮፋይል ይበቃቸዋል።

ለሒሳብ ባለሙያው ይህ ምን ማለት ነው? ለእያንዳንዱ ደንበኛ ፕሮፋይል ልክፈት ቢል ዝርዝሩ ራሱ የስህተት ምንጭ ይሆናል። የራሱን ኢሜይልና የሰነድ ማስቀመጫ ለባለሙያው የከፈተ ትልቅ ደንበኛ ካለ የራሱ ፕሮፋይል ይገባዋል። የቀሩት "ደንበኞች" በሚል አንድ ፕሮፋይል ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ በዚያ ፕሮፋይል ላይ ግን የይለፍ ቃል ማስቀመጡን አጠፋለሁ። የይለፍ ቃሎቹ እንደ ቢትዋርደን ወይም ኪፓስ ባለ ማስቀመጫ ውስጥ በደንበኛው ስም ይቀመጣሉ፤ ባለሙያው ስሙን አንብቦ እስኪመርጥ ድረስ ምንም አይሞላም። አንድ ደንበኛ ሲያልቅ ወጥቶ፣ ታቡን ዘግቶ ወደ ቀጣዩ። ይህ ሥራውን በጥቂቱ ያዘገየዋል፤ መዘግየቱን ሆን ብዬ ነው የማስገባው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው መረጃ የሚይዝ አካል መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ አዋጁ ባይኖርም ደንበኛው ያመነው ሰው ይህን ሊያደርግለት ይገባል።

የተቀጣሪ ሠራተኛ ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። የመሥሪያ ቤት አካውንት ብሮውዘር ላይ ሲገባ የድርጅቱ የአይቲ ክፍል ያንን ፕሮፋይል ማስተዳደር ይችል ይሆናል፤ ኤክስቴንሽን ሊጭን፣ ገጽ ሊከለክል፣ ቅንብር ሊወስን ይችላል። ይህ የድርጅቱ መብት ነው፣ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን የሐኪም ቀጠሮአችሁ፣ የባንክ ገጻችሁ፣ ለሌላ ሥራ የምታመለክቱበት ቅጽ እዚያ ምን ይሠራሉ? ከሥራ የለቀቀ ሰው አካውንቱ በተዘጋ ማግስት የልጆቹ ፎቶ፣ የዓመታት ቡክማርኩና የግል ይለፍ ቃሎቹ አብረው ሲጠፉበት በተደጋጋሚ አይቻለሁ። መሥሪያ ቤቱ አልወሰደበትም፤ እሱ ራሱ በሰው ቤት አስቀምጦት ነበር።

የማኅበርና የእድር ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጥቅም ታገኛላችሁ፤ ርክክብ። ጸሐፊነት የጊዜ ሹመት ነው። ለእድሩ የራሱ ኢሜይል፣ ለዚያ ኢሜይል ብቻ የሚውል ፕሮፋይል ከተከፈተ የሥራ ዘመኑ ሲያልቅ የሚሰጠው ግልጽ ነው። አዲሱ ጸሐፊ አካውንቱን ተረክቦ የይለፍ ቃሉን ይቀይራል፣ የቀድሞው ፕሮፋይሉን ከማሽኑ ያጠፋል። ከማጥፋቱ በፊት ግን ቡክማርክና የይለፍ ቃል ወደ አካውንቱ መተላለፋቸውን ይይ፤ በማሽኑ ላይ ብቻ የነበረ ነገር ፕሮፋይሉ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

የገንዘብ ጉዳይ ግን የራሳችሁ ቢሆንም ለብቻው እንዲሆን ሁልጊዜ እገፋፋለሁ። የባንክ ፕሮፋይል ላይ አንድም ኤክስቴንሽን አልጭንም። ዋጋ የሚያወዳድረው፣ ቪዲዮ የሚያወርደው፣ ሰዋስው የሚያርመው ኤክስቴንሽን ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ "በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን መረጃ ማንበብና መለወጥ" የሚል ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሰውም ሳያነብ ይፈቅዳል። በዚያው ፕሮፋይል የባንክ ሒሳብ ከተከፈተ ኤክስቴንሽኑ ያንንም ያያል። ሌላም አለ፦ አንድ ተንኮለኛ ገጽ በብሮውዘሩ በኩል ወደ ባንኩ ትእዛዝ ቢልክ፣ ብሮውዘሩ የባንኩን ኩኪ አያይዞ ሊልክለት የሚችልበት የቆየ የጥቃት ስልት አለ። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን መንገድ በእጅጉ አጥብቧል። ቢሆንም የባንኩ ኩኪ በሌለበት ፕሮፋይል ውስጥ የሚያያዝ ነገር አይኖርም። ባንክ ያላችሁበት መስኮት ላይ ከባንክ በቀር ምንም አትክፈቱ።

አጠቃቀሙን የሚያጸናው ቀለም ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮፋይል ፈጽሞ የማይመሳሰል ቀለም እሰጣለሁ፦ ባንክ ቀይ፣ ሥራ ሰማያዊ፣ የግል አረንጓዴ። ስሙንም "ፐርሰን 1" ብዬ አልተወውም፤ "የሥራ"፣ "የእድር"፣ "የእማማ" ብዬ እጽፋለሁ። ዓይን ስም ከማንበቡ በፊት ቀለም ያያል። ጥንቃቄ የሚሻው ከውጭ የሚመጣ ሊንክ ነው። ከቴሌግራም ወይም ከወርድ ሰነድ ላይ ሊንክ ስትነኩ ክሮም የሚከፍተው መጨረሻ ስትጠቀሙበት በነበረው ፕሮፋይል ነው። ስለዚህ የባንኩን መስኮት ሥራው እንዳለቀ መዝጋት ልማድ ይሁን። እንግዳ መጥቶ "ኢሜይሌን ልይበት" ሲል ደግሞ የእንግዳ መስኮት አለ፤ ሲዘጋ የእሱም ነገር አይቀርም፣ የእናንተንም አያይም።

የማይሠራውንም በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ከልክ በላይ የታመነ መሣሪያ ይጎዳልና። ፕሮፋይል ቁልፍ የለውም። ኮምፒውተሩን የከፈተ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳሻው ይሄዳል። ልጆች ወይም የሥራ ባልደረባ ማሽኑን የሚጋሩ ከሆነ የሚያስፈልገው የራሱ የይለፍ ቃል ያለው የተለየ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ነው። ማሽኑ ላይ የገባ የይለፍ ቃል ሰራቂ ቫይረስም የሁሉንም ፕሮፋይል ፎልደር አንድ በአንድ ይበረብራል፤ ሁሉም በአንድ ተጠቃሚ ሥር ናቸውና። ከኢንተርኔት አቅራቢ ወይም ከመሥሪያ ቤት ኔትወርክም አይሰውርም፤ አይፒ አድራሻው አንድ ነው። ማሽኑን ከስክሪን መጠኑ፣ ከፊደል ዓይነቶቹና ከመሳሰሉት ለይቶ ማወቅም ይቻላል፤ ኢኤፍኤፍ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት ከተመዘገቡት ብሮውዘሮች 83.6 በመቶው ሌላ አምሳያ የሌላቸው ሆነው ተገኝተዋል። ኢንኮግኒቶ የሚባለው የክሮም መስኮትም ከዚህ አያድንም። መስኮቱ ሲዘጋ ማሽኑ ላይ ያለውን ሂስትሪና ኩኪ ያጠፋል እንጂ ወደ ውጭ የሄደውን አይመልስም። ጉግል በዚሁ ኢንኮግኒቶ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2020 ተከሶ፣ በ2024 በስምምነት ብዙ ቢሊዮን የመረጃ መዝገቦችን ሊያጠፋ ተስማምቷል። መሰወር የሚፈልግ ሰው ሌላ መሣሪያ ይፈልግ፤ ፕሮፋይል የሚጠቅመው ላለማደባለቅ ነው።

አቅሙ አነስተኛ በሆነ ማሽን ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መክፈት አይቻልም። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ሦስት ፕሮፋይል ከነታቦቹ ቢከፈት ይንቀራፈፋል። እንዲህ ላሉት ሁለት ብቻ እከፍታለሁ፤ የገንዘብና የቀረው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ክሮም የኮምፒውተሩን ዓይነት ፕሮፋይል ስለሌለው፣ በስልክ ብቻ ለሚሠሩ ሁለት የተለያየ ብሮውዘር እጭንላቸዋለሁ፤ ፋየርፎክስ ለአንዱ፣ ክሮም ለሌላው።

ከቴክኒኩ ባሻገር ይህን ሥራ የምወድበት ምክንያት አለኝ። ሰው የሥራውን መስኮት ሲዘጋ የሥራው ኢሜይል፣ የሥራው ታብ፣ ያላለቀው ሰነድ ሁሉ አብሮ ይዘጋል። ማታ የልጁን የቤት ሥራ ለማየት የሚከፍተው መስኮት ላይ የደንበኛ ስም የለም። ጠዋት ደግሞ ሰማያዊውን ሲከፍት ትናንት ያቆመበት ቦታ ይጠብቀዋል። ሰው ትኩረቱ የተበታተነው በራሱ ድክመት ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሁሉም ሰው ጉዳይ በአንድ መስኮት ላይ በአንድ ጊዜ ስለሚጠራው ነው። ያሠለጠንኳቸው ሰዎች ጥቂት ከቆዩ በኋላ ከመጻፋቸው በፊት ወደ መስኮቱ ቀለም ቀና ብለው ያያሉ። ያቺ አንድ እይታ ብዙ ጥፋት ታስቀራለች።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትከፋፍሉ፤ በባንኩ ጀምሩ። ዛሬ ማታ አዲስ ፕሮፋይል ክፈቱ፣ ቀይ ቀለም ስጡት፣ የባንካችሁን አድራሻ በእጃችሁ ጽፋችሁ ግቡና ቡክማርክ አድርጉት፤ ከድሮው መስኮት ላይ ደግሞ ውጡ፣ ያስቀመጠውንም የባንክ ይለፍ ቃል አጥፉ። እሱ ሲለመድ የሥራውን ትለያላችሁ።