ተጽፎ የማይገኝ ጽሑፍ፤ የአማርኛ ድረ ገጾች አሠራር ሲገመገም

1. መግቢያ

በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የካታሎግ ካርዱ የጠፋበት መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ እንደ ቆመ ቢኖርም ለአንባቢው የለም ማለት ይቻላል። ደራሲው የደከመበት፣ ማተሚያ ቤቱ ወጪ ያወጣበት፣ ቤተ መጻሕፍቱም ቦታ የሰጠው ሥራ አንዲት ካርድ በመጉደሏ ምክንያት ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። በኢንተርኔት ላይ የሚወጡ ጽሑፎችም በዚሁ ሕግ ይተዳደራሉ። የካርዱን ሥራ የሚሠራው የፍለጋ ሞተር ነው፤ ካርዱ በትክክል እንዲጻፍ የሚረዳው ወይም የሚያሰናክለው ደግሞ የድረ ገጹ አሠራር ነው።

ድረ ገጽ ሲዘጋጅ ጽሑፉ በፊደል ይቅረብ ወይስ በሥዕል፣ ርእሱ ምን ይባል፣ ገጹ በእጅ ስልክ ላይ እንዴት ይታይ የሚሉት ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ የማስዋብ ጉዳዮች ተደርገው ይታያሉ። ስለሆነም ውሳኔው ለኮምፒዩተር ባለሙያው ብቻ ይተዋል። ጉዳዩ በጥሞና ሲመረመር ግን እነዚህ ምርጫዎች ዕውቀት ለማን እንደሚደርስና ለማን እንደማይደርስ የሚወስኑ መሆናቸው ይገለጻል። በአማርኛ ረገድ ጉዳቱ ድርብ ነው። በመጀመሪያ በቋንቋው በኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ጽሑፍ ከታላላቆቹ የዓለም ቋንቋዎች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ ከዚያም ጥቂት ውስጥ ከፊሉ በአሠራር ጉድለት ይሰወራል።

2. የፍለጋ ሞተር የሚያየውና የማያየው

የፍለጋ ሞተር ሥራ በሦስት ደረጃዎች ይከፈላል። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በማያያዣዎች አማካይነት እየተዘዋወረ ገጾችን ይሰበስባል። ሁለተኛ፣ የሰበሰበውን ጽሑፍ ቃል በቃል እየለየ በማውጫ ውስጥ ይመዘግባል። ሦስተኛ፣ ጠያቂ ሲመጣ ከማውጫው ውስጥ ተስማሚውን መርጦ በቅደም ተከተል ያቀርባል። ሰርጌ ብሪንና ላሪ ፔጅ እ.ኤ.አ. በ1998 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ አንድ ገጽ የሚመዘነው በውስጡ ባለው ቃል ብቻ ሳይሆን ሌሎች ገጾች ወደ እርሱ በሚያመለክቱበት መጠንና አመልካቾቹ ራሳቸው ባላቸው ክብደት ጭምር ነው። በጉግል ላይ የዋለው ይህ አሳብ ከዚያ ወዲህ በብዙ ሌሎች መመዘኛዎች ቢታጀብም መሠረቱ አልተናደም።

ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ግልጽ ነው። ሞተሩ በዋናነት አንባቢ ነው። የገጹ ቀለምና ጌጥ ብዙም አይነግረውም፤ ርእሱን፣ ንኡስ ርእሶቹን፣ ዐረፍተ ነገሮቹንና ማያያዣዎቹን ግን ያነባል። ሆኖም የብዙ አማርኛ ድረ ገጾች ርእስ «መነሻ ገጽ» ወይም «እንኳን ደኅና መጡ» የሚል ሆኖ ይገኛል። የሥነ ሕይወት መምሪያ የያዘው ገጽና የፈተና ማስታወቂያ የያዘው ገጽ አንድ ዓይነት ርእስ ሲኖራቸው፣ ካታሎጉ በሙሉ «መጽሐፍ» የሚል ካርድ ብቻ እንደያዘ ይቆጠራል። «እዚህ ይጫኑ» የሚለው ማያያዣም እንደዚሁ ነው። «የ8ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር መምሪያ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ለሞተሩም ለጎብኚውም ወዴት እንደሚያደርስ ይናገራል።

3. ፊደል የመሰለ ሥዕል

የአማርኛ ድረ ገጾችን ችግር ለመረዳት ወደ ታሪኩ መለስ ማለት ያሻል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ መደብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የሚሠሩት ለላቲን ፊደላት በተመደቡት ቦታዎች ላይ የግዕዝን ቅርጽ በማስቀመጥ ነበር። በአንድ ፎንት ውስጥ የነበሩት ቦታዎች ከ256 ስለማይበልጡና የፊደሉ ሆሄያት ከዚህ ስለሚልቁ፣ አንዳንዶቹ አዘጋጆች ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፤ ሌሎቹ ደግሞ የሆሄውን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀመጡ። ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒዩተር አማርኛ ያሳይ ነበር፤ ፎንቱ ያልተጫነበት ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ያቀርብ ነበር። የፍለጋ ሞተሩም የሚመዘግበው ይህንኑ ክምር ነበር።

በዚያ ዘመን ጽሑፉን በሥዕል መልክ ማቅረብ ከችግሩ ማምለጫ ነበር፤ ፎንት የሌለው ጎብኚም እንዲያነብ ስላስቻለ ሊመሰገን ይገባዋል። የሚያስተዛዝበው መፍትሔው ችግሩ ካለፈ በኋላ እንደ ልማድ መቀጠሉ ነው። ዛሬ ዩኒኮድን የማያነብ ስልክ ማግኘት በሚያዳግትበት ጊዜ መግለጫዎች፣ የቅጥር ማስታወቂያዎችና መመሪያዎች ማኅተም እንዳረፈባቸው በስካነር ተነሥተው በሥዕል ወይም በፒዲኤፍ ይለጠፋሉ። የማኅተሙ ምክንያት የሚናቅ አይደለም፤ አንባቢው የሰነዱን እውነተኛነት ሊያይበት ይሻል። ነገር ግን ሥዕሉን ከጽሑፉ አጠገብ ማኖር ሲቻል ጽሑፉን በሥዕሉ መተካት አስፈላጊ አይሆንም። ሥዕልን ወደ ፊደል የሚመልሱ ፕሮግራሞች መኖራቸው እውነት ነው፤ ሆኖም የደበዘዘ ቅጂ ሲያጋጥማቸው ቅርጻቸው የተቀራረበ ሆሄያትን ያምታታሉና የአዘጋጁን ኀላፊነት አያስቀሩም።

የክብደቱም ልዩነት ሊታሰብ ይገባል። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ሆሄ 3 ባይት ይይዛል። 1500 ቃላት ያሉት ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ቃል በአማካይ 5 ሆሄ ቢኖረው፣ ከነክፍተቱ ወደ 24 ኪሎባይት ይደርሳል። ይኸው ጽሑፍ በስካነር ሲነሣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜጋባይት ያልፋል፤ ይኸውም ከአርባ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ለዳታ በሚከፍል መምህርና ተማሪ ዘንድ ይህ ልዩነት የገንዘብ ልዩነት ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥዕል ለዓይነ ስውር አንባቢ ዝግ በር ነው። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች የሚፈልጉት የፍለጋ ሞተር የሚፈልገውን ያንኑ ነገር ነው፤ እውነተኛ ፊደል፣ በሥርዓት የተከፋፈለ ርእስ፣ ለሥዕል የተሰጠ የጽሑፍ መግለጫ። ለዓይነ ስውሩ የተዘጋጀ ገጽ ለሞተሩም ይመቻል፤ አንዱን የሚያስቀር አዘጋጅ ሁለቱንም ያስቀራል።

4. የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ

ጽሑፉ በፊደል ቀርቦም ቢሆን ሌላ መሰናክል ይጠብቀዋል። በአማርኛ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ሆሄያት በዩኒኮድ ውስጥ የተለያየ ቁጥር አላቸው፤ ለኮምፒዩተሩ «ሥራ» እና «ስራ» ሁለት ቃላት ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብንወስድ የመጀመሪያው ሆሄ በ2፣ ሁለተኛው በ6 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ በጠቅላላው 12 አጻጻፍ ይኖረዋል። «ዓለም» 4 አጻጻፍ አለው። ሁለቱ ተጣምረው «ዓለም ፀሐይ» የሚል ስም ሲሆኑ የአጻጻፉ ብዛት 48 ይደርሳል። በዚህ ላይ «ት/ቤት» እና «ትምህርት ቤት»፣ በአንድ ምልክት የሚጻፈው አራት ነጥብና ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመደርደር የሚጻፈው ሲታከሉበት፣ እንዲሁም «የትምህርት»፣ «ለትምህርት»፣ «ትምህርቱ» እያለ ቃሉ በፊትም በኋላም ሲረባ፣ ጠያቂውና ጽሑፉ ሳይገናኙ የሚተላለፉበት አጋጣሚ ይበዛል።

ታላላቆቹ የፍለጋ ሞተሮች ይህን ልዩነት በመጠኑ ለማቀራረብ ይሞክራሉ፤ ሙሉ በሙሉ ግን ሊታመኑ አይችሉም። በየድርጅቱ ድረ ገጽ ውስጥ የሚገኘው የራሱ መፈለጊያ ግን ከዚህ የባሰ ነው፤ ለእንግሊዝኛ ተሠርቶ እንዳለ የተወሰደ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ሆሄውን እንደ ተጻፈ ብቻ ያነጻጽራል። ሞክሼዎቹን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ የሚቆጥር ትንሽ ሠንጠረዥ ማስገባት ከባድ ሥራ አይደለም። ይህ ማለት ግን ፊደል ይቀነስ ወይም ትክክለኛው አጻጻፍ ይተው ማለት አይደለም። ጽሑፉ በሥርዓቱ እንደ ተጻፈ ይቆያል፤ የሚቻቻለው መፈለጊያው ብቻ ነው።

5. ጎብኚው ምን ይገጥመዋል?

መገኘት ብቻውን ግብ አይደለም፤ የተገኘው ገጽ ሊነበብም ይገባዋል። በብዙ የመሥሪያ ቤት ድረ ገጾች የመጀመሪያው ስፍራ የሚሰጠው ለኀላፊዎች ፎቶግራፍና እየተፈራረቁ ለሚያልፉ የስብሰባ ሥዕሎች ነው። ጎብኚው የመጣው ግን ቅጽ ለመውሰድ፣ ውጤት ለማየት ወይም መጽሐፍ ለመጫን ነው። በሰፊ የኮምፒዩተር መስኮት ላይ ይህ አቀማመጥ ቢያምርም በእጅ ስልክ ላይ ጎብኚው የሚፈልገውን ከማየቱ በፊት ብዙ መጓዝ አለበት።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ገጾችን ለመመዘን ከኮምፒዩተሩ ቅጂ ይልቅ የስልኩን ቅጂ እንደሚመለከት አስታውቆ ሽግግሩን በ2023 አጠናቅቋል። በስልክ ላይ እንዳይታይ የተቀነሰ ጽሑፍ እንግዲህ ከማውጫውም ይቀነሳል። እንደዚሁም ከ2021 ጀምሮ የገጹ ፍጥነትና እርጋታ ከመመዘኛዎቹ ገብተዋል፤ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ፣ ገጹም እየተጫነ ሳለ ጽሑፉ ከቦታ ወደ ቦታ እንዳይዘል ይፈለጋል። የፍጥነት ነጥብ ግን ለጥያቄው መልስ የሌለውን ገጽ ከፍ አያደርገውም። ቅድሚያ የሚሰጠው የይዘቱ ተስማሚነት መሆኑን ድርጅቱ ራሱ ይገልጻል።

ሌላው ጉድለት አድራሻን መለዋወጥ ነው። ድረ ገጹ እንደ አዲስ በተሠራ ቁጥር የቀድሞዎቹ ገጾች አድራሻ ይሻራል፤ በመማሪያ መጽሐፍ፣ በጥናት ጽሑፍና በመምህሩ ማስታወሻ ላይ የሰፈረው ማያያዣ ሁሉ ባዶ ይቀራል። የድረ ገጽ መሥራች የሆነው ቲም በርነርስ ሊ አድራሻ መለወጥ እንደሌለበት እ.ኤ.አ. በ1998 ጽፎ ነበር። ለውጡ የግድ በሚሆንበት ጊዜ እንኳ የቀድሞው አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲመራ ማድረግ ይቻላል። ይህ ሲዘነጋ ለዓመታት የተጠራቀመው የሌሎች ገጾች ምስክርነት በአንድ ቀን ይባክናል።

አድራሻውን በአማርኛ ሆሄ መጻፍም ጥንቃቄ ይሻል። ሲቀዳ እያንዳንዱ ሆሄ ብዙ ጊዜ ወደ 9 ምልክቶች ስለሚዘረዘር፣ አምስት ሆሄ ያለው «ትምህርት» 45 ምልክት ይሆናል። አጭርና ቀላል አድራሻ በቃልም በጽሑፍም ለመተላለፍ ይሻላል።

6. ለሞተር ብቻ መጻፍ

በተቃራኒው ጫፍ ያለው ስሕተትም ሳይነቀፍ አይታለፍም። አንዳንድ አዘጋጆች ገጹ እንዲገኝ ሲሉ አንዱን ቃል በየዐረፍተ ነገሩ ይደጋግማሉ፤ ወይም የቃሉን አጻጻፎች ሁሉ በገጹ ግርጌ ከመደቡ ጋር በሚመሳሰል ቀለም ደብቀው ይደረድራሉ። የፍለጋ ሞተሮች ይህን ተግባር እንደ ማታለል ቈጥረው ገጹን ዝቅ ያደርጋሉ ወይም ከማውጫቸው ያወጣሉ። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። በኢንተርኔት ላይ የሚጻፈው አማርኛ ለወጣቱ አንባቢ የቋንቋ ትምህርት ጭምር ስለሆነ፣ ለሞተር ተብሎ የተበላሸ ዐረፍተ ነገር የአንባቢውንም አጻጻፍ ያበላሻል። ንጹሕ፣ ግልጽና ወጥ አጻጻፍ ለሁለቱም ይበቃል።

7. መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከተው ግምገማ የሚከተሉት አሳቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ ማንኛውም የትምህርት ሰነድ በሥዕል ቢወጣም ጽሑፉ በዩኒኮድ አብሮ ይውጣ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ገጽ ይዘቱን የሚገልጽ የራሱ ርእስ ይኑረው፤ ሥዕሎችም መግለጫ ይሰጣቸው። ሦስተኛ፣ የድርጅቱ መፈለጊያ ሞክሼ ፊደላትን አቻችሎ እንዲፈልግ ይደረግ፤ አጻጻፉም በድርጅቱ ውስጥ ወጥ ይሁን። አራተኛ፣ ገጹ ከመውጣቱ በፊት በርካሽ የእጅ ስልክና በደካማ መስመር ይፈተን። አምስተኛ፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ አድራሻ አይሻር።

ከእነዚህ መካከል ብዙ ወጪ የሚጠይቅ የለም፤ አብዛኞቹ የሚጠይቁት ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ባለሙያና ድረ ገጹን የሚሠራው ቴክኒሻን ሥራው ሳይጀመር ተቀምጠው እንዲመክሩ ነው። በገጠር ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ለነገው ክፍለ ጊዜ መምሪያ ፈልጎ ባጣ ጊዜ ጽሑፉ አልተዘጋጀም ብሎ ይደመድማል። ጽሑፉ ግን ተዘጋጅቶ፣ ተመርምሮና ጸድቆ በአንድ ሰርቨር ላይ በሥዕል መልክ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። መምህሩ ያጣው መምሪያ በተማሪዎቹ ላይ የሚያደርሰው ጉድለት ጭራሹን ካልተጻፈ መምሪያ ጉድለት አይለይም።