ጉራማይሌ ዜማ፤ ስለ አራት አልበሞች የቀረበ ሒስ

ጉራማይሌ የሚለው ቃል በሰሜን ኢትዮጵያ ሴቶች ድድ ላይ ከሚታየው ንቅሳት ጋራ የተያያዘ ነው። ድዱ ሁሉ አይጠቁርም፤ ጥቁሩና ቀዩ እየተፈራረቁ ይቀመጣሉ፤ ውበቱም አንዱ ቀለም ሌላውን ባለመዋጡ ነው። ቃሉ ውሎ አድሮ ለተደባለቀ ንግግር መጠሪያ ሆኗል። የኢትዮጵያን ዜማ ከጃዝና ከሂፕ ሆፕ ጋራ ያገናኙትን አልበሞች ለመመዘንም የተመቸ መስፈርት ነው። ጥያቄው፥ ከተደባለቀ በኋላ እያንዳንዱ ቀለም በየራሱ ይለያልን? የሚል ይሆናል።

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ያደገ ጆሮ ለዚህ ፍርድ የተዘጋጀ ነው። በዘጌና በደሴቶቹ ገዳማት ማሕሌት በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ይቆማል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይሰማሉ። በከተማይቱ ደግሞ አዝማሪው በማሲንቆው ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ይጫወታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት አራት አልበሞች ከዚህ ጆሮ አንጻር ተመርምረዋል፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ነው፤ በ1972 በኒው ዮርክ ተቀርጾ ወጣ። የሙላቱ ዘዴ አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝት አሥራ ሁለት ድምፅ ካለው የምዕራባውያን ስምም ጋራ ማጋባት ነው። «ኩሉን ማን ኳለሽ» የተባለው የሠርግ ዘፈን በዚህ አልበም ያለ ድምፃዊ ቀርቧል። ሙሽራይቱም ተቀባዮቹም የሉም፤ ዜማው ግን ሠርግ ቤት የዋለ ሁሉ ወዲያው የሚያውቀው ነው። ይህ መልካም ጉራማይሌ ነው፤ ነገር ግን ዘፈኑን በሥርዓቱ ውስጥ ያልሰማ አድማጭ የጎደለውን አያውቅም።

ሁለተኛው በዚያው ዓመት የወጣው የጌታቸው መኩሪያ የሳክስፎን አልበም ነው፤ በ2003 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም በ14ኛው ቁጥር እንደ ገና ታትሟል። ጌታቸው ያደረገው በሙላቱ ተቃራኒ ነው። የውጭን ስምም ወደ አገር ዜማ አላመጣም፤ ይልቁንም ሽለላን ወደ ውጭ አገር መሣሪያ አስገባ። የጀግናው ፉከራ፣ የጉሮሮው መንቀጥቀጥና የትንፋሹ መቆራረጥ በሳክስፎኑ አፍ ተተኩ። ቃል ባይኖርበትም የሚናገረው አይጠፋም። በጎጃም ሽለላና ቀረርቶ ሰምቶ ላደገ ሰው ከአራቱ ሁሉ የበለጠ የሚቀርበው ይህ ነው።

ሦስተኛው የእጅጋየሁ ሽባባው፣ በሕዝብ ዘንድ ጂጂ የተባለችው፣ በ2001 የወጣው «ጂጂ» ነው። ዘፋኟ ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በቻግኒ ተወለደች። አልበሙን ያዘጋጀው ቢል ላስዌል ነው፤ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮዋ ሳንደርስ የተባሉት ስመ ጥር የጃዝ ሰዎች በሥራው ተካፍለዋል። ከዘፈኖቹ አንዱ ራሱ «ጉራማይሌ» ይባላል። «ዓባይ» በተባለው ዘፈን ጂጂ ከጣና የሚወጣውን ወንዝ እንደ ሰው እያነጋገረች ታወድሰዋለች። ድምፅዋ በዜማው ላይ ሲንሸራተት የአገሯ አዘፋፈን ሳይበረዝ ይታያል። ነቀፌታ ቢኖር በአዘጋጁ ላይ ነው፤ የባሱ ክብደትና የኤሌክትሮኒኩ ጭጋግ አንዳንድ ጊዜ መሣሪያዎቹን ይሸፍናል። ይሁን እንጂ ድምፅዋን አልዋጠውም። ጥቁሩም ቀዩም በየቦታው አለ።

አራተኛው የናስና የዴሚያን ማርሊ «ዲስታንት ሬላቲቭስ» ነው፤ የወጣው በ2010 ነው። የመክፈቻው ዘፈን የተሠራው ከሙላቱ «የግሌ ትዝታ» በተቀነጨበ ዜማ ላይ ነው። የራፑ ቃላት ፈጣንና ብርቱ ናቸው፤ ከሥሩ የሚዞረው ዜማም ኃይሉን አላጣም። ነገር ግን ትዝታ ስሜቱን ቀስ በቀስ የሚያበስል የዜማ ዓይነት ነው፤ እዚህ ግን ጥቂት ቅንጭብ እየተመላለሰ ለሌላ ሐሳብ መርገጫ ሆኗል። «የግሌ» የተባለው የብዙዎች ሆነ፤ የሽፋኑን ጽሑፍ ያላነበበ አድማጭ ግን የማን እንደ ነበረ አያውቅም። አልበሙ ሊደመጥ ይገባዋል፤ በጉራማይሌ ሚዛን ግን ከአራቱ የመጨረሻውን ስፍራ ይይዛል።

እንግዲህ ለተማሪው የሚመከረው ቅደም ተከተል ጌታቸው፣ ጂጂ፣ ሙላቱ፣ ከዚያም ናስና ማርሊ ነው። ከአራቱ የሚገኘው ትምህርት ግን ከማድመጥ ያልፋል። አልበም የሚሠራ ሰው ስሙ በሽፋኑ ላይ ይጻፋል፤ ዜማውን ለዘመናት ያቆየው አዝማሪ ግን ስም አልባ ሆኖ ይቀራል፤ በጥናት ጽሑፍም «አንድ አዝማሪ» ተብሎ ይታለፋል። አዝማሪው ካልተመዘገበ ነገ የሚመጣው ድብልቅ ከየትኞቹ ቀለሞች እንደ ተሠራ የሚለይ አይገኝም። ስለዚህ በጣና ዳር መቅረጫ ይዞ የሚቀመጥ ተማሪ፣ ባለ ዜማው ከፈቀደ፣ ስሙን፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ቅኝቱን ከድምፁ ጋራ አብሮ ይመዝግብ።