ድምፁ የት ላይ ቆመ?

ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ ጆሮው የደከመ ሽማግሌ ለምርመራ ብቻውን አይመጣም። አጃቢው ቀድሞ ይናገራል፦ «አይሰሙም፤ ጮክ ብለው ያናግሯቸው።» እኔ መጮህ አልወድም። መጀመሪያ ማወቅ የምፈልገው ድምፁ የት ላይ እንደቆመ ነው።

መንገዱ አጭር ነው። የጆሮ ቱቦ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሄዶ ታምቡሩ ላይ ያበቃል። ከታምቡሩ ጀርባ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚባሉ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ንዝረቱን ተቀባብለው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሱታል። እዚያ፣ እንደ ቀንድ አውጣ በተጠቀለለና ፈሳሽ በሞላው ክፍል፣ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል። ቀጭን ድምፅ መግቢያው ላይ፣ ወፍራሙ ጫፉ ላይ ይያዛል። ቃል አድርጎ የሚረዳው ግን አንጎል ነው።

አንዳንዱ ጉዳይ ቱቦው ላይ ያልቃል። ልጅ ጆሮው ውስጥ ሽምብራ ከትቶ ይመጣል። ቤት ውኃ ካፈሰሱበት እህሉ ያብጣል፤ ሥራዬም እጥፍ ይሆናል።

ከመሣሪያ ሁሉ የምወደው በሴኮንድ 512 ጊዜ የሚንቀጠቀጠውን ሹካ መሰል ብረት፣ ቱኒንግ ፎርክን ነው። መብራት ቢሄድም ይሠራል። መታ አድርጌ ከጆሮ ጀርባ ካለው አጥንት ላይ አቆመዋለሁ። «ጠፋ» ሲሉኝ ወደ ጆሮው ደጃፍ አመጣዋለሁ። ጤነኛ ጆሮ እንደገና ይሰማዋል። አጥንቱ ላይ ጎልቶ ደጃፉ ላይ ከጠፋ፣ ችግሩ ከውስጠኛው ጆሮ በፊት ነው። ቀጥሎ ግንባር መካከል አቆመዋለሁ። አሁን ድምፁ የሚያደላው መንገዱ ወደተዘጋበት ጆሮ ነው። ታማሚው ግን የተሳሳተ ይመስለውና አፍሮ ደህናውን ጆሮ ያሳየኛል። ለዚህ ነው ሳልጀምር «ትክክል የሚባል መልስ የለም፤ የሰሙትን ብቻ ይንገሩኝ» የምለው። ፎርኩን መምታት ማንም ይለምደዋል፤ ሙያው አጠያየቁ ላይ ነው።

አገሩ የቅኔ አገር ነው፤ የቅኔ ትምህርት ቤቱ ዲማ ጊዮርጊስም ለቢቸና ቅርብ ነው። የኔታ ደቀ መዝሙሩን የሚያርሙት በጆሯቸው ነው። ዕድሜ ሲገፋ ግን ቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ስ፣ ሽ፣ ፍ ይደበዝዛሉ፣ ወፍራሙ ይቀራል። ስለዚህ ከበሮውን አጥርተው የሚሰሙ አዛውንት ቃሉን ይስቱታል። «እሰማለሁ እኮ፤ ልጆቹ ናቸው አፋቸውን የማይከፍቱ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይሰማሉ። ብንጮህባቸው የቀረላቸው ወፍራም ድምፅ ይገንናል እንጂ የጠፋው ቃል አይጠራላቸውም። ፊት ለፊት ተቀምጦ ረጋ ብሎ መናገር ይሻላል። በጋቢ አፍን ሸፍኖ ማውራት የደጋ ልማድ ነው፤ ከእሳቸው ጋር ሲሆን ግን ገለጥ ማድረግ ነው።

ቀጭኑን ድምፅ የሚይዙት ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶችም ሊገድሏቸው ስለሚችሉ፣ ጆሮው የደከመ ሰው መርፌ ከመወጋቱ በፊት ይህንኑ ለባለሙያው መናገር አለበት።

የሚያናድደኝ ግን ሊድን ሲችል የሚዘገየው ነው። ጆሮው የሚመግል ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ «ሲያድግ ይተወዋል» አትበሉ። ቅቤም ዘይትም አትጨምሩበት፤ ውኃ እንዳይገባበት ጠብቁት። በንጹሕ ጨርቅ አድርቃችሁ ቶሎ ጤና ጣቢያ አምጡት።