ሐዋላ፣ አደራ፣ ላከ፦ ከጁባ ሃይ ማላካል ወደ ሀገር ቤት ገንዘብ የመላክ ቋንቋ ሂሳዊ ንባብ

1. መነሻ

በውጭ ሀገር እየኖሩ ወደ ቤተሰብ ገንዘብ የመላክ ችግር በአብዛኛው የምጣኔ ሀብት ጥያቄ ሆኖ ይጠናል። የምንዛሪ ተመን፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ የቁጥጥር ሕግ የሚሉት ርእሶች የታወቁ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የማስተላለፊያ ወጪው ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ይጠይቃሉ፤ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ግን በዓለም ከፍተኛው ወጪ የሚከፈልበት ክልል ሆኖ ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጉዳዮች አይክድም፤ ከእነርሱ ጎን ያለ፣ የቋንቋ አጥኚዎች ድርሻ የሆነ ጥያቄ ግን ያነሣል። ላኪው፣ ተቀባዩና መንግሥት ስለ አንድ ድርጊት ሲናገሩ አንድ ቃል ይጋራሉን? ካልተጋሩ ጉዳቱ በማን ላይ ያርፋል?

ለንባቡ የተመረጠው ቦታ ጁባ ውስጥ የሚገኘው ሃይ ማላካል ነው። በደቡብ ሱዳን መዲና ኢትዮጵያውያን በሆቴል፣ በምግብ ቤት፣ በሱቅና በግንባታ ሥራ ተሰማርተው ይኖራሉ። ስለ ኢትዮጵያውያን ስደት የሚጻፈው ግን በአብዛኛው በዋሽንግተን፣ በሪያድና በቤይሩት ላይ ያተኩራል፤ ከጋምቤላ ማዶ ያለው ጎረቤት እምብዛም አይነሣም። ከዚህ በታች የቀረቡት ምሳሌዎች ከተቀረጸ ንግግር የተወሰዱ አይደሉም፤ ጸሐፊው በአፍ መፍቻ ተናጋሪነቱ ተመርቶ ያቀናበራቸው ናቸው።

2. ሁለት ቃላት፣ አንድ የዐረብኛ ድምፅ

የሰፈሩ ስም ራሱ ትምህርት ይሰጣል። «ሃይ» በዐረብኛ ሰፈር ማለት ነው፤ ሃይ ሲኒማ፣ ሃይ ጀላባ፣ ሃይ ረፈረንደም በሚሉት የጁባ ሰፈሮች ስም ውስጥም ይገኛል። ማላካል ደግሞ በነጭ ዓባይ ዳር ያለች፣ ከታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጦርነት ክፉኛ የተጎዳች የላይኛው ናይል ከተማ ናት። እንግዲህ ኢትዮጵያዊው ላኪ የሚኖረው የሌላ ከተማን ስም በተሸከመ ሰፈር ውስጥ ነው።

«ሃይ» እና «ሐዋላ» በዐረብኛ የሚጀምሩት በአንድ የጉሮሮ ድምፅ ነው። አማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀን በንባብ ስለማይለይ በአፍ ልዩነት የላቸውም፤ በጽሕፈት ግን ተለያይተዋል። «ሐዋላ» ሥሩን የሚያመለክተውን ሐመሩ ሐ ጠብቋል፤ «ሃይ» ግን እንደተሰማ ተጽፏል። ልዩነቱ ቃላቱ የገቡበትን በር ያሳያል። «ሐዋላ» በሰነድ የገባ ቃል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ «የሐዋላ ወረቀት» የሚለውን ስም ለታወቀ የንግድ ሰነድ ይጠቀምበታል፤ ፖስታ ቤትና ባንክም በየአገልግሎታቸው ስም ውስጥ አኑረውታል። «ሃይ» ግን በጎዳና የገባ ቃል ነው።

3. የአንድ ቃል ሁለት ዜግነት

በእንግሊዝኛና በሌሎች ቋንቋዎች በሚጻፉ የቁጥጥር ሰነዶች ዘንድ «ሐዋላ» ከባንክ ውጭ በመተማመን የሚሠራ የገንዘብ ማስተላለፊያ መጠሪያ ነው፤ ቃሉ በተነሣ ቁጥርም ጥርጣሬ ይከተለዋል። በአማርኛ ግን ባንኩ ራሱ ሕጋዊ አገልግሎቱን «የውጭ ሐዋላ» ይለዋል። በአንዱ ቋንቋ የተጠርጣሪ ስም የሆነው ቃል በሌላው ቋንቋ የመስኮት ጽሑፍ ነው።

ይህ የትርጉም ሠራተኞች ብቻ ጉዳይ አይደለም። በጁባ የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ፣ የገበያ ቋንቋ ደግሞ የጁባ ዐረብኛ ነው። አማርኛ ተናጋሪው «ሐዋላ ልልክ ነው» ሲል በራሱ ቋንቋ ፍጹም ሕጋዊ የሆነ ነገር ተናግሯል፤ ቃሉን በእንግሊዝኛ ትርጉሙ የሚሰማ ሹም ግን ሌላ ነገር ይሰማል። ቃሉ ድንበር ሲሻገር ዜግነቱን ይለውጣል፤ ተናጋሪው ግን መለወጡን አያውቅም።

የአማርኛ ዜና ይህን ክፍተት «ሕገ ወጥ ሐዋላ» በሚለው ሐረግ ለመሙላት ይሞክራል። ሐረጉ ሕጋዊ ሐዋላ መኖሩን ስለሚያስታውስ ከእንግሊዝኛው አጠቃቀም የተሻለ ነው። ከጎኑ የቆመው «ጥቁር ገበያ» የሚለው ትርጉም ውርስ ግን ችግር አለበት። ቀለም የድርጊቱን ባሕርይ አይገልጽም፤ ፍርድን ብቻ ያውጃል። ፍርዱም በቀን ይለወጣል። በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ይፋዊ ተመን ለአንድ ዶላር ከ3 ፓውንድ ገደማ ተነሥቶ ወደ 18.5 ገደማ ተዛወረ፤ ይህም የመንገዱ ገበያ አስቀድሞ ይሠራበት ወደነበረው ዋጋ የቀረበ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሰኔ ላይ ያንኑ ዋጋ የጠራ ሰው የጥቁር ገበያ ሰው ነበር፤ መስከረም ላይ ግን ባንኩ ራሱ ጠራው። «ትይዩ ገበያ» የሚለው ሁለተኛው ውርስ ትርጉም ከቀለሙ የተሻለ ቢሆንም እውነትን አያሟላም፤ ትይዩ መስመሮች አይገናኙምና፤ እነዚህ ግን ተገናኝተዋል።

4. «ላከ» የሚሸሽገው

«ሐዋላ» ወደ አማርኛ ሲገባ ግሱን ይዞ አልመጣም። ስለዚህ ድርጊቱን የሚሸከመው «ላከ» ነው። የዚህ ግስ ቤተሰብ ሰፊ ነው፤ ከግእዙ «ለአከ» መልእክት፣ መልአክ፣ ልዑክና ተላላኪ ይወለዳሉ። በሁሉም ውስጥ አንድ አካል ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። ይህ ሥዕል ገንዘብ በሰው እጅ ለሚላክበት ጊዜ ይስማማል። ሐዋላ ግን በዐረብኛው ጥንተ ትርጉም ዕዳን ወደ ሌላ ማዛወር ነው፤ የሚሄድ ዕቃ የለውም። በሃይ ማላካል ፓውንዱን የተቀበለው ሰው ጁባ ይቀራል፤ አዲስ አበባ ያለው ባልንጀራው ከራሱ ገንዘብ ብር ያወጣል፤ ሁለቱ ኋላ በዕቃ ወይም በሌላ ዕዳ ይቻቻላሉ። ድንበር የተሻገረው ቁጥር ብቻ ነው።

እንግዲህ «ላክሁ» የሚለው ተናጋሪ ዕቃ ያጓጓዘ ይመስለዋል እንጂ በሁለት የማያውቃቸው ሰዎች ዕዳ መካከል መግባቱን ግሱ አይነግረውም። ነገሩ ሲበላሽም ሰዋስው ጉዳቱን ያሳያል፦

(1) ለእናቴ ብር ላክሁላት።
(2) ብሩ ገባላት።
(3) ብሩ ጠፋብኝ።
(4) ተበላሁ።

በ(1) ባለቤቱ ተናጋሪው ነው፤ ተጠቃሚዋም በ«-ላት» ታይታለች። በ(2) ባለቤቱ ብሩ ሆነ፤ ያስገባው ሰው ግን ተሰወረ። በ(3) «-ብኝ» ተጎጂውን ያመለክታል፤ አጥፊውን ግን አይጠራም፤ «ጠፋ» ተሳቢ የማይሻ ግስ ነውና ብሩ በራሱ የጠፋ ይመስላል። በ(4) ተናጋሪው ራሱ ተሳቢ ነበር፤ ተደራጊ ግስ ወደ ባለቤትነት አወጣው፤ በላተኛው ግን አሁንም ስም የለውም። በአራቱም ዓረፍተ ነገሮች መካከለኛው ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም። በመደበኛው መንገድ የሚሰጠው ማስታወቂያም «ገንዘብዎ ይተላለፋል»፣ «የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል» በሚሉ ተደራጊ ግሶች የተሞላ ስለሆነ ከዚህ አይሻልም። ባንኩም ደላላውም በሰዋስው አንድ መደበቂያ አላቸው።

5. አደራ

ለመካከለኛው ሰው ስም የሚሰጥ የአማርኛ ቃል ግን አለ፤ እርሱም «አደራ» ነው። ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ባልንጀራ የሚሰጥ ፖስታ «ሐዋላ» አይባልም፤ «አደራ» ይባላል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው ብሂል ግዴታው ከዳኛ በላይ መሆኑን ይናገራል። «አደራ በላ» የሚለው ስያሜም በ(4) የተሰወረውን በላተኛ ገልጦ ያወጣዋል።

ሆኖም አደራ ጉልበቱን የሚያገኘው ሰው ከሚተዋወቅበት ማኅበር ነው፤ አንድ ዕቁብ ውስጥ ያሉ፣ በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ ሰዎች የሚፈሩት ቃል ነው። ጁባ ደግሞ ሰው የሚመጣባትና የሚሄድባት ከተማ ናት፤ በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. በተነሣው ውጊያ ብዙ የውጭ ዜጎች ከተማዋን ጥለው ወጥተዋል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ፓውንዱን የተቀበለው ሰው ቢሄድ፣ «አደራ በላ» የሚለውን ስም የሚሰማ ማኅበር አብሮ ተበትኗል። ቃሉ ይቀራል፤ የሚያስፈጽመው የለም። የቋንቋው ሥነ ምግባር ሳይጓደል የማኅበሩ አቅም መጓደሉን ልብ ማለት ያሻል፤ ላኪውን «የዋህ» ብለው የሚተቹ ጽሑፎች የሚስቱት ይህን ነው።

6. «ዳያስፖራ» የማያካትተው ሰው

የመንግሥት ቋንቋ የሚጠራው ላኪ «ዳያስፖራ» ይባላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ፖሊሲ በዚህ ስም ይጠራል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የትረስት ፈንድ ጥሪም በቀን አንድ ዶላር የሚል ነበር። ቃሉ በፖሊሲ ትርጓሜው ሁሉንም ሊያቅፍ ይችላል፤ በአነጋገር ግን አያቅፍም። የጁባ አስተናጋጅ ለበዓል ሲመጣ «ዳያስፖራው መጣ» የሚል ሰው ማግኘት ያዳግታል፤ ቤይሩት ያለችው የቤት ሠራተኛም «ዐረብ ሀገር ያለችው» ትባላለች። «ዳያስፖራ» ከርቀት ይልቅ የገንዘቡን ዓይነት የሚለካ ቃል ሆኗል።

ፓውንድ የሚከፈለው ሠራተኛ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይመነዝራል፤ መጀመሪያ ፓውንዱን ወደ ዶላር፣ ቀጥሎ ዶላሩን ወደ ብር። «መነዘረ» ትልቁን ገንዘብ ወደ ትንንሽ መለወጥ የሚል ቀዳሚ ትርጉም ስላለው እዚህ ላይ ሳያስበው እውነት ይናገራል፤ በእያንዳንዱ ምንዛሪ ገንዘቡ ያንሳል። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. የደቡብ ሱዳንን ነዳጅ በሱዳን በኩል የሚያወጣው ቧንቧ ተሰብሮ ፓውንዱ ሲወድቅ፣ ደመወዙ በቁጥር ያልተነካ ሰው ለቤቱ የሚልከው ብር አነሰ። ለዶላር ላኪ የተጻፈ ማስታወቂያ ለዚህ ሰው የሚነግረው ነገር የለም።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2009 እ.ኤ.አ. ጁባ ላይ ቅርንጫፍ መክፈቱ እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባል። መንገዱ አልተዘጋም። ነገር ግን የተከፈተ በር የሚያልፍበትን ሰው በስሙ ካልጠራ እንግዳው ከደጅ ይቀራል። ደቡብ ሱዳን ውስጥ በ2019 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ለስሙ የመረጠው «ጉሩሽ» የሚለውን፣ በጁባ ዐረብኛ ገንዘብ ማለት የሆነውን የጎዳና ቃል ነው። ስሙ ብቻ አገልግሎቱን አያሻሽልም፤ ለማን እንደተሠራ ግን ይናገራል።

7. መደምደሚያ

የላኪው ዋና ችግር ተመንና ክፍያ ነው፤ ቃል ቢታረም ፓውንድ አይጠነክርም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለው። ሆኖም የተጭበረበረ ሰው አቤቱታ ሲጽፍ በእጁ ያለው ቋንቋ ብቻ ነው። «ሐዋላ ላክሁ፤ ጠፋብኝ» ብሎ ቢጽፍ ማን ተቀበለው፣ በምን ተመን፣ ማን ሊከፍል ቃል ገባ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ አያገኙም፤ ጉዳዩም ከዚያ አያልፍም።

ከዚህ ንባብ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በቀለም ከመፍረድ ይልቅ «ፈቃድ ያለው» እና «ፈቃድ የሌለው» ሐዋላ ቢባል ቃሉ የሕጉን መለኪያ በትክክል ይናገራል። ሁለተኛ፣ ለላኪዎች የሚጻፉ ማስታወቂያዎች አድራጊውን ባለቤት አድርገው፣ «ባንኩ ይህን ያህል ይቀንሳል፤ እናትዎ ይህን ያህል ብር ይቀበላሉ» በሚል ቅርጽ ቢጻፉ መካከለኛው ሰው ከተሸሸገበት ይወጣል። ሦስተኛ፣ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለአማርኛ ቃላት መልቀሚያ የሚሄዱት ወደ ጎንደርና ወደ መንዝ ብቻ ሊሆን አይገባም።

ለዚህ የመጨረሻ ነጥብ «ሀገር ቤት» የሚለው ጥምር ስም ምስክር ነው። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ «ሀገር ቤት ሄደ» ሲባል ወደ ትውልድ ገጠሩ ሄደ ማለት ነው፤ ሃይ ማላካል ላይ ሲባል ግን አዲስ አበባም ጭምር ሀገር ቤት ናት። የቃሉ ፍቺ ተናጋሪው በቆመበት ይወሰናል። እስካሁን የጻፍነው ፍቺ ግን አዲስ አበባ ላይ ቆመን የጻፍነው ነው።