መዝገብ ላይ ያለው፣ ክፍል ውስጥ የሌለው

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ሲርንቃንና መርሳን አልፎ ውርጌሳ የደረሰ ሰው የሰሜን ወሎውን የሀብሩ ወረዳ ያየ ይመስለዋል። ለትምህርት ጥናት የመጣ ከሆነ ግን የሀብሩን ልጅ ገና አላየም። መኪና የሚገባበት ትምህርት ቤት መምህር ይበረክትበታል፣ መጽሐፍ ቶሎ ይደርሰዋል፣ ሱፐርቫይዘሩም ደጋግሞ ብቅ ይልበታል። ወደ አፋር ወሰን ወርዶ በቆላው ወይም ሽቅብ ወደ ደጋው ሲወጣ ያለው ትምህርት ቤት ሌላ ነው። ጥናት ከሒሳቡ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ፣ ገና ትምህርት ቤት ሲመረጥ ነው።

ለትርፍ ባልቆመ የትምህርት ጥናት ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ሥራችን ልጆች ምን ያህል እንደሚያነቡና እንደሚያሰሉ መለካት፣ ከዚያም ለምን እንደዚያ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ትምህርት ቤቶቹን በዕጣ እንመርጣለን፤ ዕጣው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ካወጣ በእግር እንሄዳለን። ቅርብ ባለ ትምህርት ቤት መተካት የለም።

ወቅቱም እንደ መንገዱ ያታልላል። ሀብሩ የማሽላ አገር ነው። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ወፍ የሚጠብቀው ልጅ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይውላል። በዚያ ሰሞን ክፍል ውስጥ የተገኙትን ብቻ ብንፈትን ውጤቱ ከእውነቱ ይልቅ ያምራል፤ የቀሩት ብዙውን ጊዜ ንባብ ይበልጥ የሚከብዳቸው ናቸውና። ስለዚህ የምንፈትናቸውን ልጆች የምናወጣው ከስም መጥሪያው ነው። ስሙ ወጥቶ ልጁ ከሌለ፣ አጠገቡ የሚቀመጠውን ጎበዝ ጠርቶ መተካት አይፈቀድም። «ቀሪ» ተብሎ ይመዘገባል፣ ምክንያቱ ይጠየቃል፣ ሌላ ቀን ይፈለጋል። ርዕሳነ መምህራን አንዳንዴ ይህን ግትርነት ይሉታል። እኔ ግን ከዚህ የሥራ ክፍል አንዲት ነገር እንድትላላ አልፈልግም።

ከልጁ ጋር የሚኖረን ጊዜ አጭር ነው። ከክፍሉ ወጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ከፊታችን ይቀመጣል። በምናሳየው ካርድ ላይ ፊደላቱ ተዘበራርቀው ተጽፈዋል፤ ልኬቱ 60 ሰከንድ ነው። ፊደሎቹ የተዘበራረቁበት ምክንያት አለ። በቄስ ትምህርት ቤት ሀ ሁን በዜማ የተማረ ልጅ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ይወርደዋል፤ «ሜ»ን ለብቻዋ ስናሳየው ግን ከ«መ» ተነሥቶ በጣቱ እየቆጠረ ይመጣል። ሦስት ሰከንድ ካለፈ ወደሚቀጥለው እናሳልፈዋለን። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደጎደለው ለይቶ የነገረን የለም። ከቁርዓን ቤት የመጣው ደግሞ በቃል መያዝ ያውቅበታል፤ በማዳመጥ ጥያቄዎች ላይ ይህ ጉልበቱ ሊታይ ይገባዋል። ለዚህም ነው ንባቡንና ማዳመጡን ለየብቻ የምንመዝነው።

ታሪክ ሲያነብ በተለይ ጆሮዬን የምሰጠው ለሚጠብቀውና ለሚላላው ነው። «አለ»ን አላልቶ ቢያነብ «ተናገረ» ይሆናል፣ አጥብቆ ቢያነብ «ይገኛል»፤ ፊደሉ ግን አንድ ነው። ከዐረፍተ ነገሩ ተነሥቶ በትክክል ያጠበቀ ልጅ እየገባው ያነብባል። ሰዓት መያዣው ይህን አይቆጥርም፤ ጠያቂው ነው የሚሰማው። ስለዚህ አዲስ ጠያቂዎችን ስናሠለጥን ሁለት ሁለት ሆነው አንድን ልጅ እንዲሰሙና እያንዳንዳቸው ለየብቻ ምልክት እንዲያደርጉ እናደርጋለን። ምልክታቸው እስኪገጥም መስክ አይወጡም።

ልጁ ሲደናገር «ልክ ነህ» ወይም «ተሳስተሃል» ማለት አይቻልም። የወሎ ሰው ግን ለዚህ የሚሆን ቃል አለው፤ «አብሽር» እንለዋለን። ያበረታዋል፣ መልሱን ግን አይነግረውም።

በ2002 ዓ.ም. አርቲአይ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ የአሜሪካ ተቋም በኢትዮጵያ በስድስት ቋንቋዎች ባካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከአጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ያ ቁጥር ብዙ ነገር አንቀሳቅሷል፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት እንደገና ተዘጋጅተዋል። ከዚያ ወዲህ ግን እዚህ የሆነውን ማንም ያውቀዋል። በመስከረም 2012 አንደኛ ክፍል የገባ የመርሳ ልጅ መጋቢት ላይ በኮሮና ትምህርት ቤቱ ተዘጋበት። ነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ወልድያና መርሳ ደረሰ፤ አካባቢው እስከ ታኅሣሥ 2014 በትግራይ ኃይሎች እጅ ቆየ፤ ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፣ ተዘረፉ። ነሐሴ 2014 ቆቦ ላይ ውጊያው ሲያገረሽ የወልድያ ሰው ዳግም ተሰደደ። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ተፈርሞ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ።

ይህን ልጅ «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ብሎ በክፍሉ ልክ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው። መጠየቅ ያለበት ስንት ወር በእርግጥ ተማረ የሚለው ነው። ይህንንም ልጁን አንጠይቅም። «ያኔ የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ አባቱን ያጣበትን ቀን ሊቀሰቅስበት ይችላል፤ እኛ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሻንጣችንን ይዘን እንሄዳለን። መምህሩንና ወላጁን ጠይቀን እናሟላለን። አንድ ጊዜ መጥቶ መሄድ ግን አይበቃም፤ ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ 3,000 ልጆችን በየጊዜው እየተመለሰ ተከታትሏል፤ ለእኛም አካባቢ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ተመልሶ የሚመጣ ዐይን ነው።

ተመልሶ መምጣት ስል ውጤቱንም ይዞ ማለቴ ነው። ሲርንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ሲሞክር ገበሬው ማሳው ላይ ተገኝቶ አገዳውን ይለካል፣ እንጀራውን ይቀምሳል፣ አልወደድኩትም ማለትም ይችላል። የትምህርት ጥናት ግን የልጆቹን ግማሽ ቀን ወስዶ በእንግሊዝኛ ታትሞ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ይቀራል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም። በህንድ አሰር፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ኡዌዞ የተባሉት ፕሮግራሞች ልጆችን በየቤታቸው በወላጅ ፊት ሲመዝኑ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አገር የንባብ ምዘናዎቹን ወጪ ይሸፍን የነበረው የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትም በ2017 ተዘግቷል። ካርዱንና ሥልጠናውን የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የራሳቸው ቢያደርጉት ገንዘቡ ሲቆም ሥራው አይቆምም ነበር።

እኛ አንድ ገጽ በአማርኛ ይዘን ወደ ወላጅና መምህር ኅብረቱ እንመለሳለን። የትምህርት ቤቶችን ደረጃ አንናገርም፤ ስንት ልጅ ፊደል እንዳልለየ፣ ስንቱ ቃል ላይ እንደቆመ፣ ስንቱ የገባውን እንዳነበበ እንናገራለን፤ ካርዱንም እንሰጣቸዋለን። አባቶች የሚጠይቁት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ታዲያ ምን ይደረግ?» የምንሰጠው መልስም ጠባብ ነው፤ ወፍ ጥበቃ ላይ የከረሙት ልጆች በስም ተለይተው፣ ፊደል ያልለዩት ከየክፍሉ ተሰብስበው፣ ማሽላው ከገባ በኋላ በየቀኑ አንድ ክፍለ ጊዜ ለብቻቸው ይማሩ። መጋቢት ላይ በዚያው ስም ዝርዝር፣ «ቀሪ» የተባሉትን ጨምረን እንደገና እንለካለን።