የሚሲያኒ ጊታርና የእኛ ክራር

ስለ ሙዚቃ ሲወሳ «ዘመናዊ» እና «ባህላዊ» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንደ ባላንጣ ማቆም የተለመደ ነው። ጊታር ያነሣ ተማሪ ሠለጠነ፣ ክራር ያነሣ ደግሞ ወደ ኋላ ተመለሰ ይባላል። ይህ አስተያየት ትክክል መሆን አለመሆኑን ለመመርመር የጎረቤታችንን የኬንያን ሙዚቃ ብናዳምጥ ይጠቅመናል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ናይሮቢ የሚገባ መንገደኛ የሚያርፈው ኢምባካሲ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በ1958 ሲከፈት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚጠራው በዚሁ ሰፈር ስም ነበር። ከዚያ ወደ መኻል ከተማ ሲዘልቁ ሪቨር ሮድ የተባለው መንገድ ይገኛል፤ ለብዙ ዓመታት የሸክላ ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበር። ከዚያ ወጥቶ በአገሩ ከተሠራጨው ሙዚቃ አንዱ ቤንጋ ሲሆን፣ ከቤንጋ አባቶች አንዱ ደግሞ ጊታር መቺውና ዘፋኙ ዳንኤል ኦዊኖ ሚሲያኒ ነው።

ሚሲያኒ በ1940 በታንጋኒካ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ በሺራቲ አካባቢ ተወለደ። ወገኖቹ ሉኦዎች ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ ስለሆኑ ሥራውን ያከናወነው በኬንያ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ያቋቋመው ባንድ ኋላ ሺራቲ ጃዝ በሚለው ስም ታወቀ። በዚህ ስም ግን መሳሳት አይገባም። በምሥራቅ አፍሪቃ ብዙ የዳንስ ባንዶች «ጃዝ» የሚለውን ቃል ለማዕረግ ያህል ይዘውት ነበር እንጂ፣ የአሜሪካን ጥቁሮች ጃዝ አይጫወቱም ነበር።

ታዲያ የሚጫወቱት ምን ነበር? መልሱ ያለው ንያቲቲ በሚባለው የሉኦዎች መሣሪያ ላይ ነው። ንያቲቲ ስምንት አውታር ያለው፣ በቆዳ የተለበጠ፣ ሁለት ክንድና አንድ አግዳሚ ያለው የክራርና የበገና ዘመድ ነው። ደርዳሪው በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጦ ይዘፍናል፤ በእግር ጣቱ ባጠለቀው የብረት ቀለበት የመሣሪያውን ጠርዝ እየመታ ምቱን ይጠብቃል። ሚሲያኒና የዘመን ጓደኞቹ ጊታርን ሲይዙ ይህን ንግግር አስተማሩት። አንዱ ጊታር የጀመረውን ሐረግ ሌላው ይቀበለዋል፤ ቤዙ ከኋላ ተደብቆ አይቀርም፣ ወደ ፊት ወጥቶ ይከራከራል። ድምፁ ታሪኩን ተርኮ ዝም ሲል ጊታሮቹ ይፈጥናሉ፤ ጭፈራውም ያኔ ይግላል።

ግጥሙም እንደዚሁ ነው። በእንስሳት ተረት እየሸፈነ ባለ ሥልጣኖችን ይነካ ስለነበር ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ ታስሯል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ለእኛ አንባቢ ይህ ዘዴ እንግዳ አይሆንም።

ጉድለት የለበትም ማለታችን አይደለም። የዘፈኖቹ አካሄድ ስለሚመሳሰል አሥሩን ተከታትሎ የሰማ ሰው መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቀዋል። ረጅሙ ትረካ በትንሿ ሸክላ በሁለት ገጽ ተከፍሎ ሲቀዳ ልክ በሚጥምበት ቦታ ይቆረጣል። ቋንቋውን የማያውቅ አድማጭም የሥራውን ግማሽ ያጣል። ቢሆንም ሚሲያኒ በ2006 በኪሱሙ በመኪና አደጋ ከሞተ በኋላ እንኳ፣ የ1970ዎቹ ሥራዎቹ በ2010 በውጭ አገር በሲዲ ተሰብስበው መታተማቸው ጊዜ እንዳልሻራቸው ያሳያል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ በአመዛኙ የገባው በነፋስ መሣሪያ ነው። በ1924 አርባ ልጆች የተባሉት አርመኖች ከመጡ ወዲህ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶች በዚሁ መንገድ አደጉ፤ ፍሬውም ያማረ ነበር። ክራሩ ግን በአብዛኛው በባህል ክፍል ለብቻው ተቀመጠ። ካሣ ተሰማና አስናቀች ወርቁ ለብቻው እንኳ ምን ያህል እንደሚናገር አሳይተውናል፤ ሆኖም ጣታቸው የሚያውቀውን ጊታራችን በሚገባ አልተማረም።

ስለዚህ ለሙዚቃ ክበብ ኃላፊ መምህራን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ክራር የሚችለውን ተማሪ ጊታር ከሚችለው ጎን አስቀምጡት፤ አንድ የትዝታ ዜማ ክራሩ ይጀምር፣ ጊታሩ እየሰማ ይመልስ። ጊታሩ መጀመሪያ ይንተባተባል፤ አትቸኩሉበት። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር መናገር የቻለ መሣሪያ በጣና ዳር ዲዳ የሚሆንበት ምክንያት የለም።